ኮቱ ሲላላ፣ ኮቱ ሲጠብቅ

ባለፈው ቅዳሜ ሰበታ መናኸሪያ ጀርባ ሰልባጅ በሚዘረጋበት መደዳ ሳልፍ፣ አንድ ጎረምሳ ሸራ ላይ ከከመረው ልብስ መሀል አንዱን መዞ ወደ ላይ እያውለበለበ «ኮቱ! ኮቱ! ኮቱ እንዳያመልጣችሁ!» ብሎ ጮኸ። ልቤ ስንጥቅ አለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ከነመነጽሬና ከነዘንቢሌ እንደ ልጅ ደነገጥኩ። ይባስ ብሎ እግሬ እኔን ሳያማክር ወደ ልጁ ተራመደ። «ይምጡ እማማ፣ ለጋሼ የሚሆን አለ» አለኝ። የትኛው ጋሼ ትዝ እንዳለኝ ምን ያውቃል!

ክምሩ የአሮጌ ሱፍ ሽታ ነበረው፤ ዝናብ ነክቶት ቤት ውስጥ የደረቀ ሱፍ። በዚያ ላይ የከሰል ካውያ ጢስ ቢጨመርበት ልክ የጋሼ ደበላ ሱቅ ይሆናል።

ጋሼ ደበላን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዘፋኝነቱ ነው። ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ሰፊ ኮሌታ ለብሶ ከኦርኬስትራ ፊት የቆመበት የሸክላ ሽፋን እስካሁን በአንዳንድ ሰው ቤት አይጠፋም። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በጃንሆይ ዘመን የእናቴ ተከራይ የነበረውን ልብስ ሰፊ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ በጅማ መንገድ በኩል ያለውን ክፍል አከራይታው ነበር። እሷ ከጓሮ ወጥ ሠርታ የፋብሪካ ሠራተኞች ታበላለች፣ እሱ ከፊት ይሰፋል፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሁለቱ መሀል ስዞር እውላለሁ።

ሱቁ ጠባብ ነበር። በመስኮቱ ወጨጫ ተራራ ይታያል፣ በበሩ የጭነት መኪና አቧራ ይገባል። ግድግዳው ላይ ሳይጨረሱ የተንጠለጠሉ ልብሶች አሉ፤ አንድ እጅጌ ያለው ኮት፣ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ። መደርደሪያው ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ተቀምጧል። ድንጋዩ ሲደክም ጋሼ ደበላ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከዚያ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ዘፈን ሲጀምር መልሶ ይሞታል። የጎደለውን ዘፈን ጋሼ ደበላ ራሱ ይጨርሰዋል። መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለሚያንጎራጉር እናቴ «አንድ ቀን ዘፈኑን አወጣለሁ ስትል መርፌውን ትውጠዋለህ» ትለው ነበር።

ግጥምም ዜማም የሚያወጣው በእግሩ ነበር ብል አልዋሸሁም። ምቱን የሚሰጠው የስፌት መኪናው መርገጫ ነው። ሱሪ ሲሰፋ ስፌቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግሩ ይፈጥናል፣ ያን ጊዜ የጭፈራ ዘፈን ይመጣለታል። ኮሌታ ሲያዞር ደግሞ እግሩ ይዘገያል፣ ነገሩ ሁሉ እንጉርጉሮ ይሆናል። ስንኙን በልብስ ሰፊ ጠመኔ በጨርቁ ጀርባ ላይ ይጽፈውና ሲያልቅ በብሩሽ ያራግፈዋል። ሁሌ ግን አያራግፈውም። በሰበታ ስንቱ ሰው የእሱን ግጥም በገበር ውስጥ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። አዲስ ዘፈን ሲወጣለት እኔን ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ያቆመኝና አዝማቹን ያስቀብለኛል። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ እሱ «መርፌ የመሰለ ድምፅ» ይለዋል። ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የምወስደው።

ጋሼ ደበላ ከቡራዩ ማዶ፣ ከገፈርሳ በኩል ከአንድ ገበሬ ቤት የመጣ ልጅ ነው። ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ይጫወታሉ፣ ከእኔ ጋር ሁለቱን ቋንቋ እንደ ቅይጥ ጤፍ አደባልቆ ያወራል። በእኛ ቤት ከሁሉም ቃል በላይ የሚሰማው አንድ ቃል «ኮቱ» ነበር። በኦሮምኛ «ና» ማለት ነው፤ «ነይ»ም ማለት ነው። እናቴ ከጓሮ ሆና ስሜን ጠርታ «ያ ሙሉ፣ ኮቱ!» ካለች መሮጥ ነው፤ ሁለተኛ ከጠራች በኋላ ቁንጥጫ እንጂ ሌላ ነገር አይከተልም። ስለዚህ ኮቱ ሲባል እግሬ ይነሳል፣ ለምን እንደተጠራሁ የማስበው ከደረስኩ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ወደ ሰበታ አዲስ የወረዳ ገዥ ተሹመው መጡ። ከላይ አገር የመጡ ግራዝማች ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ ስላልነበረ ለእኛም ግራዝማች ብቻ ናቸው። ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ተምረው አድገዋል ይባላል። ጸሐፊዎቻቸው ምሳ ሊበሉ እናቴ ዘንድ ሲመጡ «እንደምን አደሩ ብትላቸው ወርቁን ይፈልጋሉ» እያሉ በሹክሹክታ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ደግሞ በሩን ያያሉ። አንድ ገበሬ ሰላምታ ሲሰጥ አንገቱን አላጎነበሰም ተብሎ ታስሮ እንደከረመ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግራዝማች ክረምት ከበጋ የማያወልቁት ጥቁር የሱፍ ኮት ነበራቸው፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ። በመንገድ ሲያልፉ እኔ በር ጀርባ እደበቅ ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ለአሻንጉሊቴ ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ትልልቅ ጫማዎች ገቡ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ግራዝማች ነበሩ፣ አሽከር አልተከተላቸውም፣ ኮቱን በጋቢ ጠቅልለው በራሳቸው እጅ ይዘውታል። «ይገለበጥ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ያኔ ጥሩ ሱፍ ሲነጣና ክርኑ ላይ ሲያብለጨልጭ ሰፊው ይፈታውና የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ መልሶ ይሰፋዋል። ኮቱ አዲስ ይመስላል። ይህን የሚያደርገው ግን ድሃ ጸሐፊና አስተማሪ ነው እንጂ የወረዳ ገዥ አይደለም። ግራዝማች በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ይህን ከእኔና ከአንተ ሌላ የሰማ ቢኖር ወንድሜ፣ መቀስ መያዣ ጣት አይኖርህም» አሉት። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እጄን አፌ ላይ ጭኜ ትንፋሼን ውጬ ነበር። ጋሼ ደበላ ሲያገኘኝ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሙሉ፣ አላየሽም» አለኝ። «አላየሁም» አልኩ። «ምላሴ ይቆረጥ በይ።» አልኩ።

ኮቱ በጣም አምሮ ወጣ። የድሮዎቹን የቁልፍ ቀዳዳዎች በክር ደፍኖ በሌላው ወገን አዲስ ከፈተ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው። የተገለበጠ ኮት የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ማንም ሰፊ ያንን መመለስ አይችልም። «ማን ያያል? ደረታቸውን ትኩር ብሎ የሚያይ ጀግና የት አለ» አለ ጋሼ ደበላ። እውነቱን ነው፤ ሰው ግራዝማችን ሲያይ ወደ መሬት ነበር የሚያየው።

በጥር አንድ የሰበታ ነጋዴ ልጁን ሲድር ከአዲስ አበባ ባንድ አስመጣ። አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን፣ ከበሮ፤ ሰዎቹ ሁሉ ከረባት ያሰሩ። ዘፋኛቸው ግን ኋላ ቀርቶ ነበር፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት። ዳሱ ሞልቷል፣ ከላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ፀሐዩ እየሾለከ ይገባል፣ ሙሽራዎቹ ተቀምጠዋል፣ ሙዚቃው ያለ ድምፅ ይዞራል። የባንዱ አለቃ «ከእናንተ ውስጥ ዘፈን የሚችል የለም?» ሲል ወጥ ቤት የነበረችው እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ጋሼ ደበላን ከኋላ ገፋችው። ሰውየው መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዞሮ ፈለገኝና እጄን ያዘ። «ያለ አንቺ አልችልም፣ ተቀበዪኝ» አለኝ።

የዘፈነው በዚያ ሳምንት ሱሪ ሲሰፋ ያወጣውን ዘፈን ነው። ከአንዲት የምትዘገይ ልጅ ጋር የተያያዘ የፍቅር ዘፈን ነበር።

ክረምቱም አለፈ ፀሐይዋም ወጣች፣
ኮቱ ኮቱ ብላ ነፍሴ ተቆጣች።
መንገዱም ደረቀ ጭቃው ተጠረገ፣
ኮቱ እያልኳት ልቧ ሌላ ምን ፈለገ።

ኮቱ በኦሮምኛ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው፣ የአማርኛው ኮቱ ደግሞ ይላላል። በወሬ ላይ ይለያል። ዜማ ሲገባበት፣ ያውም አኮርዲዮን ሲጎትተው፣ ጠበቅና ላላውን ማን ይለያል? አዝማቹን እየደጋገምኩ «ኮቱ ኮቱ» ስል ከገጠር የመጡት ዘመዶች ቃላቸውን በባንድ ሙዚቃ ሰምተው እልል አሉ፣ ተነስተው ጨፈሩ። ከሴቶቹ ወገን ግን አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎረቤቷ ሳቀች። ሳቁ በአግዳሚው ተላለፈ። ሰዎቹ የሚያዩትን ሳይ ገባኝ። ግራዝማች በክብር ወንበራቸው ላይ፣ ከዳሱ በሾለከው ፀሐይ መሀል፣ ከባዱን ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ላብ በጆሯቸው ሥር ይወርድ ነበር። እኛ ደግሞ ፀሐይዋ ወጣች፣ ኮቱ ኮቱ እንላለን።

ሰው የሳቀው በዚሁ ብቻ ነው፤ ስለ መገልበጡ ማንም አያውቅም። ግራዝማች ግን ዘፋኙን አላዩም፣ የሳቁትንም አላዩም። ጎንበስ ብለው የቀኝ ደረታቸውን፣ ያን የዞረ ኪሳቸውን አዩ። ብርሌው በእጃቸው ላይ እንደቆመ ቀረ። ያን ሳይ ድምፄ ተቋረጠና ጋሼ ደበላ ዘፈኑን ብቻውን ጨረሰው።

ከመድረክ ስንወርድ የባንዱ አለቃ ጋሼ ደበላን ትከሻውን ይዞ «አዲስ አበባ ና፣ እንሞክርሃለን። እንዲህ ያለ ድምፅ ልብስ ስፌት ላይ አይቀመጥም» አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ያን ቀን እንደ ሰከረ ሰው ብቻውን እየሳቀ ዋለ። የፈራሁትን አልነገርኩትም፤ ብናገረው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የወረዳው ዘበኛ ጠመንጃውን አንግቶ በራችን ላይ ቆሟል። «ነገ ጠዋት ግራዝማች ይፈልጉሃል። አብራህ የዘፈነችውን ልጅም ይዘህ ቅረብ» አለ። እናቴ መቀነቷን ያዘች። ዘበኛው ከሄደ በኋላ «ማል ጎና?» አለች፣ ምን እናድርግ ማለቷ ነው። ከዚያ መልሱን ራሷ ሰጠች። «ተነስ። በቡራዩ አድርገህ፣ እንጦጦን ዞረህ ሱሉልታ ወንድሜ ቤት ግባ። ሰዉ ሲረሳው ትመለሳለህ። የእኔን ልጅ እኔ አውቅበታለሁ።»

ጋሼ ደበላ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ መርገጫውን ሳይረግጥ መንኮራኩሩን በእጁ ያዞራል። «ከሸሸሁ እኮ እትዬ፣ ዘፈኑ ነገር አለው ማለት ነው» አለ። «ደግሞ ልጅቷን ለማን ትቼ?»

እኔ የዚያን ቀን ምግብ አልበላሁም። ጣት ሲቆረጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አስብ ነበር። መቀሱ ሱፍ ሲቆርጥ የሚያወጣው ድምፅ ሁሉ ያ መሰለኝ። በዚያ ላይ ምስጢሩን የማውቅ እኔ ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ ብዬም ምዬበታለሁ፤ ያለ ምላስና ያለ ጣት ሁለታችን ምን እንደምንሆን ማሰብ አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ወጣን። እናቴ እስከ ወረዳው ግቢ አብራን መጣች፣ ዘበኛው ግን ከበር መለሳት። ቢሮው ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎችና አስተርጓሚው ኦቦ ቱሉ ነበሩ። ኦቦ ቱሉ የእናቴ አገር ሰው፣ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። ስገባ ጎንበስ ብለው «ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፣ አትፍሪ ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸው ግን ከዘራቸውን አጥብቀው ይዘው ነበር። ግራዝማች ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል።

«ግጥሙን በል» አሉት ጋሼ ደበላን። «ያለ ዜማ።»

ጋሼ ደበላ ክር በመሰለ ድምፅ አንድ በአንድ አለው። ኮቱ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለፈው።

«ይህ ቃል ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች ወደ ኦቦ ቱሉ ዞረው።

«‹ና› ማለት ነው ጌታዬ። ለሴትም ለወንድም ይሆናል።»

«ሰሙን ማን ጠየቀህ? ቅኔ ቤት የገባ ሰው ፊት ነህ። ሰሙ ‹ና› ነው፣ ገብቶኛል። የምጠይቀው ወርቁን ነው።»

«ወርቅ የለውም ጌታዬ» አለ ጋሼ ደበላ። «ሰም ብቻ ነው። አንዲት ልጅ እንድትመጣልኝ ያወጣሁት ነው።»

«ወርቅ ከሌለው ሕዝቡ ምን አይቶ ነው የሳቀው?»

ይህን ማን ይመልስ? በፀሐይ ኮት ለብሰው ስላዩዎት ነው ማለት ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ያኔ ልጅ ብሆንም አንድ ነገር ታየኝ። ግራዝማች በእውነት ሊጠይቁ የፈለጉት «ምስጢሬን አወጣህ ወይ?» የሚለውን ነበር፣ ግን በጸሐፊዎቹ ፊት ቢጠይቁ ምስጢሩን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጋሼ ደበላም «አላወጣሁም» ብሎ መማል ፈልጎ ነበር፣ ግን ቢምል ያው ነው። ሁለቱም አፋቸው ተይዞ ይተያያሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ማሰር የሚችለው። እኔ ደግሞ ያ የተረገመ ዓይኔ ሌላ የሚያይበት አጥቶ ቀኝ ኪሳቸው ላይ ተተክሏል። ዓይኔን ላነሳ እሞክራለሁ፣ ይመለሳል።

«አንቺ ልጅ» አሉ በድንገት። «ምንድን ነው የምታይው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጋሼ ደበላ ዞረው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱትና፣ «እኮ ተናገር! ኮቱ!» ብለው ጮኹ። «ኮቱ!»

ቁጣ ቃሉን አጠበቀው። ከላይ አገር የመጣ አንደበት ያላወቀበትን ድምፅ ንዴት አወጣው። የእናቴ ጥሪ መሰለ፣ ያውም ከቁንጥጫ በፊት ያለው ሁለተኛው ጥሪ። እግሬ ተነሳ። ሽንቴ ሊያመልጠኝ እየደረሰ፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ፣ ልሸሻቸው ከምፈልገው ሰው ዘንድ በራሴ እግር ሄድኩ። ጠረጴዛውን ዞሬ ከጉልበታቸው አጠገብ ስደርስ ቆምኩና አንገቴን ደፋሁ፤ በእኛ ቤት የተጠራ ልጅ እንዲያ ነው የሚቆመው።

ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ጌታዬ፣ ጠሯት፣ መጣች» አሉ።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ግራዝማች ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ያዩኛል። ኮታቸው የከሰል ካውያና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው፤ የሱቃችንን ሽታ። ጎንበስ ብለው እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ይህን ኮት ከዚህ በፊት የት አይተሽዋል?» አሉኝ።

«የትም አላየሁም» አልኩ። «ምላሴ ይቆረጥ።»

ያልተጠየቀ መሐላ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማየቴም አለመናገሬም፣ ለቅኔ ተማሪ አይጠፋም። መዳፋቸውን ቀስ ብለው የቀኝ ደረታቸው ላይ አድርገው ኪሱን ሸፈኑት። ፈርተው እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማወቄ ግን የእኔን ፍርሃት ምንም አልቀነሰልኝም።

ቀና ብለው ጋሼ ደበላን «ወርቅ የለውም ብለህ በእነዚህ ሰዎች ፊት ማል» አሉት። ማለ። «ይህ ቃል በእኔ ወረዳ በዘፈን ሁለተኛ እንዳይሰማ። ሂዱ።»

እናቴ በር ላይ ይዛኝ አለቀሰች። ጋሼ ደበላ ግን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደና ዳር ላይ ተቀመጠ። «እግርሽ አወጣን ሙሉ» አለኝ። ልስቅ ነበር፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት። «ወርቅ የለውም ብዬ ማልኩ እኮ» አለ። «እኔ ያለው ይመስለኝ ነበር። ቃላችንን በአኮርዲዮን መስማት፣ ለእኔ ወርቁ እሱ ነበር።»

በዚያው ሳምንት መቀሱንና አንድ ሸሚዝ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ባንዱ ተቀበለው። ከጊዜ በኋላ ድምፁን በሬዲዮ ሰማን፤ እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ታቦት ፊት እንደቆመ ሰው ሬዲዮው ፊት ቆመች። ፍርሃቱ ግን አብሮት ነበር የሄደው። አዲስ ዘፈን ባወጣ ቁጥር ከመዝፈኑ በፊት በአውቶቡስ ሰበታ ይመጣል። እናቴን ከድስቷ፣ እኔን ከደብተሬ ያስነሳንና ስንኙን መጀመሪያ አላልቶ፣ ቀጥሎ አጥብቆ ያነበዋል። «ምን ሰማችሁ? በአማርኛ ምን ይመስላል? በኦሮምኛስ? ማንን ነካ?» ይላል። ትንሽ ያጠራጠረውን ቃል ያወጣል። በየጊዜው ቃሉ እያነሰ፣ በምትኩ «እህህ» እና «አሃሃ» እየበዛ ሄደ። በኋላ ሰዎች በጥቂት ቃል ብዙ ስሜት የሚያስተላልፍ ዘፋኝ ብለው ሲያደንቁት ስሰማ እኔና እናቴ እንተያይ ነበር። ጥቂቱን ቃል ያመጣው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ግራዝማች ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ከሄዱ በኋላ፣ አንድ መስቀል ጋሼ ደበላ ሊጠይቀን መጣ። የሠርጉን ዘመን እያነሳን ስንጫወት እናቴ «እስኪ ያን ዘፈንህን፣ አሁን ማን ይሰማሃል?» አለችው። ፈገግ ብሎ እግሩን መሬት ላይ መታ፣ መርገጫውን እንደሚረግጥ። «ክረምቱም አለፈ ፀሐይዋም ወጣች» አለ፣ ያ ውብ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ቃሉ ላይ ሲደርስ በሩን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። እግሩ ምቱን አላቆመም። ቦታውን ክፍት ትቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ፣ ቃሉ የእኔ ነው። እየጠበቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። ያ የግራዝማች መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማሁና አፌን ዘጋሁ። ግራዝማች በሌሉበት፣ በራሳችን ቤት፣ ሦስታችንም አንዲት «ና» የምትል ቃል ፈርተን ተቀመጥን። እግሩ ቀስ በቀስ ቆመ፤ እናቴም ወሬ ለወጠች።

ያን ዘፈን ሸክላ ላይ አላስቀረጸውም። እናቴም እሱም አሁን የሉም፣ በዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እና ቅዳሜ ዕለት ሰልባጁ ክምር ፊት ቆሜያለሁ። ልጁ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለሌላው መንገደኛ ደግሞ «ኮቱ! ኮቱ!» ይላል፣ በላላው። ያኔ ክፍት የቀረውን ምት ስጠብቅ ኖሬ እንደሆነ አላውቅም። ግራና ቀኝ አየሁ፤ ይህ ልማድ እስክሞት አይለቀኝም። ከዚያ አፌን ከፈትኩና፣ መርፌነቱ በቀረ ድምፄ፣ አጥብቄ፣ «ኮቱ ኮቱ ብላ ነፍሴ ተቆጣች» አልኩ።

ልጁ ዞር ብሎ ሳቀ። «ኦሮምኛ ይችላሉ እንዴ እማማ? እኔ እኮ ስለ ኮቱ ነው የምለው።»

«እኔም ስለ እሱ ነው» አልኩትና ዘንቢሌን አንስቼ ሄድኩ።